ያልተሰረዘው ግልባጭ

ኡመይማ በሴቶቹ በር እየሳቀች ገባችና የማይሱንን ጉንጭ ግራና ቀኝ ደጋግማ ሳመች። ማይሱን ለምን እንደምትሳም አልገባትም። የሚስቅን ሰው ግን ምክንያት አይጠይቁትም፤ እሷም አብራት ሳቀች።

«አላህ እጅሽን ይባርከው!» አለች ኡመይማ፣ ገላዋን የጠቀለለችበትን ረጅም ቶብ ጫፍ ወደ ትከሻዋ እየመለሰች። «ዲስኩን መስኮቱ ላይ ጸሐይ መትቶት እንደ ተጠበሰ ሽንኩርት ሲኮማተር እኔም አብሬው ነው የተኮማተርኩት። እናቴ በእግሯ ቆማ የጨፈረችበትን ቀን ዳግመኛ አላየውም ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ለካስ አንቺ ጉደኛ፣ ሌላ ኮፒ ደብቀሽልኝ ኖሯል!»

«የምን ኮፒ?»

«ወይ አለማወቅ! ሙጅተባን አልላክሽውም? ትናንት ጠዋት በታሸገ ፖስታ አምጥቶ ‹ከማይሱን ነው› አለኝና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም እኮ! እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ስታየው በደህናው እጇ ጉልበቷን እየመታች አጨበጨበችልኝ። ለአክስቶቼም ለጎረቤቱም ነግሬያለሁ። ‹የተበላሸባችሁ ካላችሁ ማይሱን ጋ ሂዱ፤ ሁሉንም ታስቀምጣለች› አልኳቸው።»

በማይሱን ፊት ላይ ሳቁ እንደነበረ ቀረ፤ ከሳቁ ኋላ ግን ሰው አልነበረም።

«ደግሞ ወሬው ደርሶናል» አለች ኡመይማ ጎኗን በክርኗ ነካ እያደረገቻት። «ሐሙስ ሽማግሌ ይመጣል አሉ። ሐጅ በቢክር ‹የዘፋኝ ልጅ› ማለታቸውን ተዉት? ንገሪኝ እንጂ! ይልቅ አንቺን ማን ጭፈራ ሊያስተምርሽ ነው? የገዛ እናትሽ! እኔን በአለንጋ ብቻ ነው ያልገረፈችኝ፤ አንቺንማ ትገርፍሻለች።»

እየሳቀች እንደመጣች እየሳቀች ሄደች። ማይሱን የተሳመውን ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ቆመች፤ የተሳመ ሳይሆን የተመታ ይመስል ነበር።

*

በሱዳኗ ኦምዱርማን ሙሽራ ለሴቶች ብቻ የምትጨፍርበት ከሰዓት አለ። ፀጉሯን ለቃ፣ ክንዷንና እግሯን ገልጣ፣ እናቷና አክስቶቿ ባሉበት ትጨፍራለች፤ ከውጭ ወንድ ወደዚያ ግቢ ዝር አይልም። የማይሱን እናት ሐጃ ሲትና ይህንን ጭፈራ ለሙሽሮች ስታስተምርና ዳሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ስትመታ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ካሜራ በመጣ ጊዜ ብዙ እናቶች «በኔ ቤት አይገባም» ብለው ነበር። የማይሱንን ካሜራ ያስገቡት የሲትና ልጅ ስለሆነች ነው። ያስገቡትም በውል ነው። ዲስኩ አንድ ብቻ ይሆናል። ካሴቱ በሙሽራይቱ እናት ፊት ይሰረዛል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይቀርም። ማይሱን ዲስኩን ስታስረክብ እጇን በሙሽራይቱ እጅ ላይ አድርጋ «ከዚህ ሌላ በምድር ላይ የለም» ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለችው ቆጥራ አታውቅም።

የምትሠራበት ክፍል ከሐጅ በቢክር ስቱዲዮ በስተኋላ ነው። በፊት በኩል ሐጅ በቢክርና ልጃቸው ሙጅተባ ፎቶ ያነሳሉ፣ የወንዶቹን ግብዣ ያቀናብራሉ። በኋላ በኩል የሴቶች በር አለ። በሁለቱ መካከል አንድ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይሱንና የሙጅተባ ፍቅር ያደገው በዚያ መጋረጃ ግራና ቀኝ ነው።

ኮምፒውተሩ ወደ ሴቶቹ ክፍል ከመግባቱ በፊት የዲስክ መቅጃውን ፕሮግራም የጫነበት ሙጅተባ ነበር። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ሴቶቹ ክፍል መግባት አይገባውም። ስለዚህ ከመጋረጃው ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በዓይኗ የምታየውን እሱ በልቡ እያየ፣ አንድ በአንድ ነገራት።

«ከላይ ሦስተኛውን ቃል ተጫኚ። የሚከፈተው ገጽ ነባሪ ቅንብር ይባላል። አንዴ ካስተካከልሽው ማሽኑ ዳግመኛ ሳይጠይቅሽ ሁልጊዜ በዚያው ይሄዳል።»

«እንደ ባል ነዋ!»

«ከባል ይሻላል። ባል ይረሳል።»

«ከወዲሁ ሰበብ ታዘጋጃለህ?»

መጋረጃው ሲስቅ ተሰማት። «ፍጥነቱን አራት አድርጊው። የቸኮለ ዲስክና ተቻኩሎ የተጋገረ ኪስራ አንድ ናቸው፣ መሃላቸው ላይ ይቀደዳሉ። ቀድቶ ሲጨርስ ደግሞ ራሱ ይመርምረው። ከዚያ ዲስኩን ይዝጋው፣ ማንም እላዩ ላይ እንዳይጨምርበት።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀረውስ? ዋናው እሱ ነው።»

«ከታች ሁለተኛው ሳጥን። ምልክቱን አጥፊው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ግልባጩን ራሱ ይሰርዛል።»

አጠፋችው። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። ባዶ ዲስኮች ሲላኩላት ከአንዱ መያዣ ውስጥ በዲስክ ልክ ክብ ሆኖ የተቆረጠ፣ መሃሉ የተበሳ ወረቀት አገኘች። ጽሑፉ እንደ ቀንድ አውጣ ከዳር ወደ መሃል ይዞራል። ለማንበብ ወረቀቱን በእጇ ማዞር ነበረባት፤ ስትጨርሰው ራሷም ዞሯል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣ። መልሷንም በየሳምንቱ እያዞረ አነበበ።

ዓመት ሳይሞላ ዲስኮች መበላሸት ጀመሩ። አንዷ ሙሽራ ከነጭራሹ ሳታየው ቀረች። ሙጅተባ ማሽኑን ወደ ፊተኛው ሱቅ አስወጥቶ ፕሮግራሙን በአዲስ ቀየረው፣ ሲመልሰውም ከፊተኛው ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘውና ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጦ ቅንብሩን እንደገና ነገራት።

«ከታች ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊ።»

«ያኔ አጥፊው ብለኸኝ አልነበረም?»

«አዲሱ ላይ ተገልብጧል። እመኚኝ።»

አመነችው። ምልክቱን አደረገች።

አሁን ኡመይማ ከሄደች በኋላ፣ ማይሱን ያንን ገጽ ከፈተችና ከመሳቢያዋ የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቷን አወጣች። እስከ ዛሬ መስመሮቹን የምታውቃቸው በቦታቸው እንጂ በትርጉማቸው አልነበረም። ከታች ሁለተኛው ሳጥን አጠገብ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ፈለገች። ከባድ አልነበሩም፤ ሁለቱን እንዲያውም ሳትፈልጋቸው ታውቃቸው ነበር። «ከቀዳህ በኋላ ግልባጩን አስቀምጥ» ይላል። ከሥሩ ግልባጩ የሚቀመጥበት ቦታ ተጽፏል፦ የፊተኛው ሱቅ ኮምፒውተር።

ምልክቱ በሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል። በገዛ ጣቷ ያስቀመጠችው ምልክት ነው። መናደድ ፈለገች፤ ንዴቱ ግን አልመጣላትም። የመጣባት ኀፍረት ነበር፣ በተሞላ ገበያ መሃል ቶቧ የተገፈፈ ያህል የሆነ ኀፍረት።

*

የቀትር አዛን ሲሰማ ሐጅ በቢክርና ሙጅተባ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ወንበር አጋድመው ወደ መስጊድ ሄዱ። ወንበር የተጋደመበት ሱቅ ማንም አይገባም። ማይሱን መጋረጃውን ገልጣ ገባች። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደዚያኛው ወገን ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ለማግኘት አልተቸገረችም። ፕሮግራሙ ለግልባጮቹ በራሱ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ስማቸው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። እሷ ግን ቀኖቹን ታውቃቸዋለች። ይህቺ ስትዞር አምባሯ ወልቆ የአክስቷ ሻይ ውስጥ የገባባት ናት። ይህቺ ደግሞ ፈርታ የካሜራውን እግር ይዛ ያለቀሰችው፤ ይህቺ የኡመይማ። አንዱንም ሳትከፍት በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

ሙጅተባ ቀድሞ ተመለሰ። ወንበሩን አንስቶ ቀና ሲል አያት፤ ፊቱ መጀመሪያ በደስታ በራ። ይህ ነው በኋላ ደጋግሞ ያስለቀሳት፣ መጀመሪያ ደስ ማለቱ።

«ማይሱን? አንቺ እዚህ? አባቴ ከኋላ እየመጣ ነው እኮ...»

«አርባ ሦስት» አለች።

ወንበሩን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «አላየሁም» አለ።

«ያልጠየቅሁህን መለስክልኝ።»

«አላየሁም ማይሱን! ስሚኝ እስቲ። ዲስኮቹ ሲበላሹ ነው። ካሴቱ ተሰርዟል፣ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ሙሽራዋ ባዶ እጇን ቀረች። አንቺ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመስሽም። ለጥቂት ቀን ይቆይ፣ ደህና መሆኑ ሲታወቅ እሰርዘዋለሁ አልኩ። በቃ ይኸው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትይኝ ነበራ!»

«አዎ። እምቢ እልህ ነበር። ሰው የሚጠየቀው ለዚህ ነው።»

ሙጅተባ ወንበሩን አስቀመጠ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይፈትግ ጀመር።

«ከጥቂት ቀን በኋላስ?» አለችው።

«ልሰርዝ ገባሁ።»

«እሺ?»

«ድምፅሽ መጣ።» ቀና ብሎ አያት። «ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ከፈትኩት። ከሥዕሉ በፊት ድምፅሽ መጣና ስክሪኑን አጠፋሁት። አላየሁም፤ አጠፋሁት። ከካሜራው ኋላ ሆነሽ ሙሽራዋን ‹አይዞሽ የኔ እህት፣ እኔን እርሺኝና እግርሽን አድምጪ› ትያታለሽ። ደግሞ ትስቂያለሽ። ከኔ ጋ ስታወሪ እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም፤ መጋረጃው ያፍንሻል። ሁሉንም ሰው ትቀርጫለሽ፣ አንቺን የሚቀርጽሽ የለም። ያንቺ ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ስክሪኑን እያጠፋሁ አደምጥ ነበር። በእናቴ እምልልሻለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ቃል እንዲነግራት ስትመኝ ኖራለች። ቃሉ መጣ፤ የመጣው ግን የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ፣ አርባ ሦስት ሴቶችን ረግጦ ነው። ልቧ ሳታዝዘው ወደ ቃሉ ሄደ። እሷ እዚያው ቆመች። በራሷና በልቧ መካከል የተፈጠረው ክፍተት ሲሰፋ ይሰማት ነበር።

«ስማኝ ሙጅተባ። ለኡመይማ ለምን ሰጠሃት?»

«አንቺ በሌለሽበት መጥታ ስታለቅስ አንጀቴን በላችኝ። እናቷ... ታውቂያለሽ። በፖስታ አሸግኩት። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

«ደግ ነገር ነው የሠራኸው» አለች ማይሱን። «ክፋቱ ይኸው ነው። እጅህ ላይ የተገኘው ‹ከዚህ ሌላ የለም› ያልኩበት የኔ ቃል ነበር።»

«እሰርዘዋለሁ። አሁን፣ ዓይንሽ እያየ። አባቴ እኮ እሺ አለ! ስንት ዓመት ‹ከበሮ መቺ ቤት ሽማግሌ አልልክም› ሲል ኖሮ አሁን እሺ አለ። ሐሙስ ይመጣሉ። ማንም የሚያውቅ የለም። አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ።»

«ዲስኩን ፍታው።»

«የቱን?»

«ግልባጮቹ ያሉበትን። ከማሽኑ ፍታና ስጠኝ። ሰረዝኩት ብትለኝ በምን አውቃለሁ?»

በጥፊ የተመታ ያህል ፊቱ ተለዋወጠ። የማሽኑን ሽፋን ከፈተ፤ ሃርድ ዲስኩን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሦስተኛው ብሎን አምልጦት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የማይሱን እጅ በልማድ ሊያነሳለት ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

ሐጅ በቢክር መቁጠሪያቸውን እያሽከረከሩ ገቡ። «አንቺ ልጅ» አሉ በመገረም፣ «የሴቶቹ በር ፈረሰ እንዴ? ምን ሆኖ ነው ማሽኑ የተዘረገፈው?»

«አርጅቷል አባባ» አለ ሙጅተባ። ቀና እንኳ አላለም። «ማይሱን አዲስ እስክንገዛ ታስቀምጥልኛለች።»

ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ማይሱን ያንን ድምፅ አወቀችው። «አዲሱ ላይ ተገልብጧል» ያላት ድምፅ ነበር፤ ያው ለስላሳ፣ ያው ቅርብ፣ ያው የምትወደው። የጎዳት መዋሸቱ ብቻ አልነበረም። ቅለቱ ነበር።

*

ሐጃ ሲትና ግቢው ውስጥ ተቀምጣ የከበሮዋን ቆዳ ጸሐይ ታሞቅ ነበር። ልጇን ስታይ ምላሷን አጮኸች።

«ምነው ፊትሽ እንዳደረ ፉል ሆነ? ለሐሙስ የሚታጭ ሰው እንዲህ ነው የሚጠቁረው? ሐጅ በቢክር አይቶሽ እንዳይመለስ!»

ማይሱን ሃርድ ዲስኩን ከቶቧ ሥር አውጥታ እናቷ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ጡብ?»

«አርባ ሦስት ሙሽራ ነው፣ እማ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ኡመይማ ፖስታ፣ ስክሪኑን አጠፋሁ ስላለው። ሐጃ ሲትና ስትሰማ ከበሮዋን ቀስ ብላ በአፉ ደፋችው። 

«እኔን ዘፋኝ ይሉኛል» አለች። «ከትሪያቸው ዳር ነው የሚያስቀምጡኝ። ነውር በተነሳ ቁጥር ‹የሷ ዓይነት› ይሉኛል። ግን ልጆቻቸውን አራቁተው እፊቴ ያቆማሉ። ለምን ይመስልሻል? ድምፄ አምሮ ነው? ድምፄማ ከጠፋ ቆየ። ዝም የሚባለውን ነገር አውቃለሁ። ዝም የማይባለውንም አውቃለሁ። ሀብቴ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቂኝ።» ዲስኩን በጣቷ ጫፍ ወደ ልጇ ገፋችው። «ከተናገርሽ የሐጅ በቢክር ደጅ ተዘጋ። ሥራሽም ተዘጋ። እኔም ከበሮዬን እሰቅል ይሆናል። ዝም ካልሽ ሐሙስ ይመጣሉ፤ እኔም እልል እላለሁ፣ ለማንም አልተነፍስም። ልጄ ነሽ። እሱን ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ወይኔ ልጄን» አለች ሐጃ ሲትና፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «‹አልወደውም› ብትይኝ ምን ያህል በቀለለን ነበር።»

*

ደብዳቤው በማግስቱ ጠዋት መጣ። እንደ ሁሌው ክብ ነው። ማይሱን የሴቶቹን በር ዘግታ፣ ወረቀቱን በእጇ እያዞረች አነበበችው።

«ማይሱን፤ የምምልበት ነገር አልቆብኛል። አለማየቴ እውነት ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር ገብቶኛል። ያላየሁት ስላልፈለግሁ ነው፤ በፈለግሁ ቀን ማየት እችል ነበር። እነዚያ ሴቶች ‹ማንም ማየት አይችልም› ተብለው ነው የጨፈሩት እንጂ ‹ሙጅተባ ጨዋ ነው› ተብለው አይደለም። ይህን ባንቺ ፊት ለማለት አልደፈርኩም። አሁን ግልባጮቹ እጅሽ ላይ ናቸው፤ ስበሪያቸው። አርባ ሦስት ሴት በሰላም ትኖራለች። ከሰላሟ ለምን ትቀሰቅሻታለሽ? ብትነግሪያት ምን ትጠቀማለች? ባሏ ቢሰማ፣ ወንድሟ ቢሰማስ? ለራሴ ፈርቼ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለነሱም፣ ለኛም ነው። የማያውቁት ነገር አይጎዳቸውም። ሐሙስን አታፍርሺው። እየጠበቅሁ ነው።»

ጽሑፉ መሃል ላይ ደርሶ ቀዳዳው ጋ አለቀ። ማይሱን እንደገና አነበበችው። ብልህ ደብዳቤ ነበር፤ ሐቀኛም ነበር። ነገሩን በቅንነት ስትመዝነው ያለው ነገር ውሸት እንዳልሆነ አየች። ቢነገራቸው የሚያለቅሱ አሉ። ምናልባት የሚደበደቡም አሉ። ባይነገራቸው ነገም እንደ ትናንት ሻይ አፍልተው ይስቃሉ። እሷም ሐሙስ እጇን ሂና ትቀባለች። «ልክ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ለምን እንደማትነግራቸው ራሷን ስትጠይቅ፣ ከውስጧ የመጣው መልስ የሷ አልነበረም። ብትነግሪያቸው እምቢ ይላሉ፤ እምቢ እንዳይሉ አትንገሪያቸው የሚል ነበር። የሙጅተባ መልስ ነው። ለነሱ አስባ፣ ለነሱ አዝና፣ ለነሱ ወስና፣ ለነሱ ዝም ልትል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ በርጩማው ላይ የተቀመጠችው አሁን እሷ ነበረች።

ወረቀቱን አጠፈችው። ክብ ወረቀት ሲታጠፍ ጠርዙ አይገጥምም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር፣ ገና ስሙን ያልጠራችው ነገር፣ ሊሄድ ጓዙን ሲሸክፍ ይሰማት ነበር።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ እናትና ልጅ የኡመይማን በር አንኳኩ። ከሷ ለመጀመር የወሰነችው ማይሱን ናት። «ደስ ያላት እሷ ስለሆነች» አለች፣ እናቷም አልጠየቀቻትም።

ኡመይማ እናቷን ትራስ አስደግፋ ቴሌቪዥን እያየች ነበር። ስክሪኑ ላይ ያችው እናት፣ ጤነኛ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጇን ዘርግታ በልጇ ዙሪያ ትዞራለች። ከማይታየው ካሜራ ኋላ የማይሱን ሳቅ ይሰማል። ማይሱን የራሷን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ምን ያህል የሚወደድ ሳቅ እንደሆነ አየች፣ ጠላችውም።

«ኻልቲ ሲትና! ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ! ምነው ሁለታችሁም በጠዋት? ለሐሙስ ልትጠሩኝ ነው? ሳልጠራም እመጣለሁ እኮ!»

«ኡመይማ፣ እባክሽ አጥፊው» አለች ማይሱን።

ነገረቻት። አላሳመረችውም፣ አላከበደችውም። ግልባጩን እሷ እንዳላስቀመጠችው፣ ምልክቱን ግን በገዛ ጣቷ እንዳደረገች፣ አንድ ዓመት ያህል የወንድ ማሽን ውስጥ እንደነበረ፣ አሁን እናቷ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ፣ ሁሉም ሰምተው ሲያበቁ እንደሚሰበር ነገረቻት። ኡመይማ ፊቷ ላይ የነበረው እንግዳ የመቀበል ሳቅ ቀስ በቀስ፣ ውሃ ወደ አሸዋ እንደሚሰርግ፣ ሰረገ።

«አይቶኛል?» አለች።

«አላየሁም ይላል። ስክሪኑን አጥፍቼ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት ይላል።»

«የማንን ድምፅ?»

«የኔን።»

ኡመይማ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። አልጋው ላይ ያለችው እናት የሚባለውን ሁሉ እየሰማች በደህናው እጇ የትራሱን ጫፍ ጨብጣለች።

«አንቺስ ታምኚዋለሽ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው እመኚው በይኝ።» ኡመይማ ወደ ፊት ተጠግታ እጇን ያዘቻት። ድምፅዋ ይለምን ነበር። «አንቺ ‹እመኚው› ካልሽኝ አምነዋለሁ። በአላህ፣ ለአንድ ሰው አልናገርም። ለአክስቶቼም ተሳስቼ ነው እላቸዋለሁ። አንድ ቃል ብቻ በይኝና ሁላችንም እንደነበርን እንሁን።»

አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ከተባለ ሐሙስ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሂና አለ። ቃሉ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ማይሱን ወደ እናቷ አየች፤ ሐጃ ሲትና ወለሉን ታያለች። ማይሱን አፏን ከፈተች። ሙጅተባን በዓይነ ልቦናዋ አየችው፤ በጠፋ ስክሪን ፊት አንገቱን ደፍቶ ሳቋን ሲያደምጥ። አመነችው። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አመነችው። ያንን እምነት አንስታ በኡመይማ እጅ ላይ ልታስቀምጠው ስትሞክር ግን አልተነሳላትም።

«አልልሽም» አለች።

ኡመይማ እጇን ለቀቀች። ከዚያ ሴቶች ብቻ ባሉበት በዚያ ክፍል፣ በገዛ ቤቷ፣ ቶቧን ከትከሻዋ አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች። ቀስ አድርጋ፣ እስከ ግንባሯ።

ሐጃ ሲትና የታመመችውን ሴት ግንባር ሳመች። ልጇን ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

«ተነሺ» አለቻት። «አርባ ሁለት ቤት ይቀረናል።»

ማይሱን ማልቀስ የጀመረችው ከደጁ ወጥተው ጸሐዩ ፊቷን ሲመታት ነው። እናቷ፣ ሙጅተባ ስለዋሸሽ ነው የምታለቅሺው ብላ ያሰበች ትመስላለች። ለዋሸ ሰው ግን አንድ ቀን ይለቀስለትና ይረሳል። ማይሱን ያለቀሰችው ‹አላየሁም› ሲላት እውነቱን እንደነገራት ስለምታውቅ ነበር። በምድር ላይ ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነች፤ ለማንም ልታካፍለውም አትችልም።